ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ወንዝ ስለ መውጣቱ

በጣና ባሕር ከሚኖረው ከነጭ ዓሣ ወገን የሚበዛው እንቁላሉን የሚጥለው በወንዝ ነው። ክረምት ገብቶ ጉማራና ርብ ሲሞሉ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል፤ ከነሐሴም እስከ ጥቅምት ጠጠር ወዳለበት፥ ውሃውም ጥሩና ፈሳሽ ወደ ሆነው ስፍራ ይወጣል። ጠጠሩን መምረጡ ጭቃ እንቁላሉን አፍኖ ስለሚያጠፋው ነው። በዚህ ወራት መረቡን በወንዝ አፍ የዘረጋ ሰው ያለ ድካም ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን የተያዘችው እንስት እንቁላሏን ገና አልጣለችም። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል ይህ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል የጐደለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ አጥማጅ ዓሣው ወልዶ ወደ ባሕር እስኪመለስ ይታገሥ፤ ወንዙንም በመረብ አይዝጋ። ብርብራ ወቅጦ በውሃ መጨመርማ ከማጥመድ አይቈጠርም፤ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይፈጃልና።