የማመልከቻ ድርሰት ርዝመት እንዴት ይወሰናል?

ድርሰት እንዲጽፍ የታዘዘ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ገጽ ይሁን?» ብሎ ነው። በክፍል ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መምህሩ ነው። የድርሰቱ ርዝመት የጸሐፊውን ዕድል ሊነካ የሚችልበት ጊዜ ግን አለ። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጽሑፎች አንዱ ተማሪው ወደ ኮሌጅ ለመግባት የሚያቀርበው የማመልከቻ ድርሰት ነው።

በአገራችን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መግባት በዋናነት በፈተና ውጤት ስለሚወሰን ይህ ዓይነቱ ድርሰት እምብዛም አይጠየቅም። ወደ ውጭ አገር ኮሌጆች የሚያመለክቱ ተማሪዎችና በአሜሪካ የሚማሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን በየዓመቱ ይጽፉታል። የትምህርት ማስረጃና የመምህራን ምስክርነት ስለ ተማሪው ይናገራሉ፤ ተማሪው በራሱ አንደበት የሚናገረው ግን በድርሰቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ዋጋ አለው። የድርሰቱን ርዝመት ለመወሰን የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ በሉ።

ሀ. የገደቡን ዓይነት መለየት

ገደብ ሁልጊዜ በገጽ አይለካም። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት «ኮመን አፕሊኬሽን» የተባለው ማመልከቻ ለዋናው ድርሰት ከ250 ያላነሰ፣ ከ650 ያልበለጠ ቃል ይፈቅዳል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ስምንት ጥያቄዎች አቅርቦ አመልካቹ አራቱን መርጦ እንዲመልስ ያዛል፤ የእያንዳንዱ መልስ ጣሪያ 350 ቃላት ነው። በብሪታንያ ያለው «ዩካስ» የተባለው ድርጅት ደግሞ የሚቆጥረው ፊደልን ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ሳይቀር ተቆጥሮ ጠቅላላው ከ4,000 መብለጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2026 ትምህርት ከሚጀምሩት አመልካቾች አንሥቶ ይኸው ጽሑፍ በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፤ ለእያንዳንዱም ቢያንስ 350 ፊደላት ይጠየቃሉ።

ከዚህ እንደምንረዳው ሁለት ጸሐፊዎች እኩል ቃላት ቢጽፉም፣ ፊደል በሚቆጠርበት ቦታ ረጃጅም ቃላት የሚመርጠው ቀድሞ ከገደቡ ይደርሳል። ስለዚህ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገሮች ጠይቁ፤ የሚቆጠረው ምንድን ነው? ትልቁ መጠን ስንት ነው? ትንሹስ?

ለ. ገደብን ከግብ መለየት

650 ቃላት ተፈቀደ ማለት 650 ቃላት ይጻፍ ማለት አይደለም። የኮመን አፕሊኬሽን መመሪያ ራሱ ቁጥሩ ገደብ እንጂ ግብ አለመሆኑን ያስገነዝባል። ሐሳቡ በ520 ቃላት ከተሟላ የቀረውን 130 ለመሙላት ሲባል የሚጨመረው ሁሉ የተባለውን ያደበዝዛል። በአንጻሩ ከገደቡ ማለፍም አይገባም። ከ650 በላይ የሆነውን ቅጹ ራሱ አይቀበልም፤ ቢቀበልም እንኳ ትእዛዝን በሚገባ አለማንበብን ያሳያል። ምንም ገደብ ያልተሰጠ እንደ ሆነ ከአንድ የታተመ ገጽ፣ ማለትም ከ500 ቃላት ገደማ ባያልፍ ይመረጣል። አንባቢው ብዙ ማመልከቻዎች እንደሚጠብቁት አትርሱ። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» እንደሚባለው፣ የበዛ ነገር ለተሸካሚው ይከብዳል።

ሐ. ሐሳብን ከቦታው ጋር መመጠን

ርዝመት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከቃላት ብዛት ሳይሆን ከርእሰ ጉዳዮች ብዛት የተነሣ ነው። አንድ ተማሪ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ክበቡና ስለ ወደፊት ሙያው በ600 ቃላት ልጻፍ ቢል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 200 ነው። በዚህ መጠን ነገሩን ከመዘርዘር አልፎ ማሳየት ይቸገራል። አንድ ገጠመኝ ብቻ ቢመርጥ ግን 400 ቃላት ለታሪኩ፣ 200 ቃላት ከታሪኩ ለተገኘው ትምህርት ሊያውል ይችላል። ስለዚህ «ስንት ልጻፍ?» ከማለት በፊት «ስለ ምን ልጻፍ? ምንስ ልተው?» ማለት ይቀድማል።

መ. ትርፍ ቃላትን ማስወገድ

የመጀመሪያውን ንድፍ ሳትቆጥሩ ጻፉ፤ ከዚያ ቀንሱ። የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ።

«እኔ በበኩሌ ከልጅነቴ ጊዜ ጀምሮ እስከ አሁን ድረስ ለሳይንስ ትምህርት እጅግ በጣም ከፍተኛ የሆነ ፍቅር አለኝ።»

ይህ 16 ቃላት አሉት። ትርጉሙ ሳይጓደል እንዲህ ሊባል ይችላል፤

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ።»

አሁን የቀሩት 4 ቃላት ናቸው፤ 12 ቃላት ተርፈዋል። ይሁን እንጂ ይህንን አሳብ ማንኛውም አመልካች ሊጽፈው ይችላል። የተረፉትን 12 ቃላት ጸሐፊው ብቻ ለሚያውቀው ነገር ብናውላቸውስ?

«የአያቴን ራዲዮ ፈትቼ መልሼ ስገጥም ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ ራዲዮው ግን ይናገር ነበር።»

አራቱና ዐሥራ ሁለቱ ሲደመሩ እንደ መጀመሪያው 16 ናቸው። ርዝመቱ አልተለወጠም፤ አንባቢው ያገኘው ግን ተለውጧል። በዚሁ መሠረት በንድፋችሁ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በጣታችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡ። ምንም ካልጎደለ የሸፈናችሁት ትርፍ ነበር። ድርሰቱ ከትንሹ መጠን ካነሰ ደግሞ ቅጽል አትደራርቡ፤ የሆነውን፣ የታየውንና የተደረገውን ጨምሩ።

ሠ. የቋንቋን ልዩነት ማሰብ

በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። «አልነገረችኝም» የሚለው ቃል ባለቤቱን፣ ግሡን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድነት ይዟል፤ በእንግሊዝኛ ግን አምስት ቃላት ይሆናል። «ከቤታችን» የሚለውም መስተዋድድን፣ ስምንና አገናዛቢን አጣምሮ ስለያዘ ሦስት ቃላት ይወጣዋል። ስለዚህ በአማርኛ 500 ቃላት ያለው ንድፍ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከ650 ሊያልፍ ይችላል። ቆጠራው የመጨረሻው ጽሑፍ በሚቀርብበት ቋንቋ መደረግ አለበት።

በጠቅላላው የማመልከቻ ድርሰት ርዝመት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ ጠያቂው በፈቀደው መጠንና ሐሳቡ በሚፈልገው መጠን። የመጀመሪያውን መለወጥ አትችሉም፤ ሁለተኛውን ግን በመምረጥና በመቀነስ ልትገሩት ትችላላችሁ።

መልመጃ

1. ስለ ራሳችሁ አንድ ገጠመኝ ብቻ መርጣችሁ በ150 ቃላት ጻፉ።
2. የጻፋችሁትን ዋናው ሐሳብ ሳይጓደል ወደ 100 ቃላት አሳጥሩ። ያወጣችኋቸው ቃላት ከየትኛው የንግግር ክፍል እንደሚበዙ ግለጹ።
3. «አልሰማሁትም» እና «ስለማይመጡ» የሚሉትን ቃላት ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ የቃላቱን ብዛት አነጻጽሩ።