ማዕዱ ሲያስፈራ

ሆረር ከመቃብር ስፍራ ወጥቶ ማዕድ ቤት ከገባ ሰነባብቷል። በተለይ ከምሥራቅ እስያና በምዕራቡ ዓለም ካደጉ ልጆቿ የሚወጡ ልብ ወለዶችና ፊልሞች የእናት ምግብን፣ የሴት ገላንና ቅዠትን ባንድ ገበታ ያቀርባሉ። ዋና ገጸ ባሕርያቱ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አብስዪ፣ አቅርቢ፣ ብዪ፣ ግን እንዳትወፍሪ የሚባሉት እነሱ ናቸውና።

የዘርፉ ቁንጮ የኮሪያዊቷ ሃን ካንግ «ዘ ቬጀቴሪያን» ይመስለኛል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ2016 የማን ቡከር ኢንተርናሽናል ሽልማትን አገኘ፤ ደራሲዋም በ2024 ኖቤል ተሸለመች። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ዮንግ ሄ ደም የሞላበት ሕልም ታይና ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ሥጋ ሁሉ አውጥታ ትጥላለች። ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ገበታ አባቷ በጥፊ ይመታትና ሥጋውን በግድ አፏ ውስጥ ይወትፈዋል። ጉርሻ እየተቀበለ ያደገ አንባቢ ይህን ሲያነብ ይዘገንነዋል፤ ያው እጅ፣ ያው አፍ፣ ፍቅሩ ብቻ የለም። ኋላ ላይ ዛፍ እየሆንኩ ነው ብላ እህል መቅመስ ታቆማለች። ታሪኳን የምናየው በባሏ፣ በእህቷ ባልና በእህቷ ዓይን ነው፤ የራሷ ድምፅ የሚሰማው ከሕልሟ ቁርጥራጭ ነው። በገዛ ገላዋ ላይ ሁሉም ይናገራል፣ ከእሷ በቀር።

የሆንግ ኮንጉ ፍሩት ቻን በ2004 በሠራው «ዳምፕሊንግስ» ባሏ የሸፈተባት የቀድሞ ተዋናይት ወጣትነቷን ለመመለስ ከፅንስ የተሠራ ምግብ ትበላለች። ፊልሙ ደም አያበዛም፤ የሚያስፈራው ሊጡ ተዳምጦ፣ ተጠቅልሎ፣ በስሎ ሲቀርብና ከጥርሷ ሥር ቅርጭጭ ሲል ነው። የዶሚ ሺ «ባኦ» ደግሞ ስምንት ደቂቃ ገደማ የሚረዝም አኒሜሽን ነው፤ ነፍስ የዘራው ዳቦ አድጎ ቤቱን ሊለቅ ሲነሣ እናቱ ትውጠዋለች። በ2019 ኦስካር አግኝቷል።

አዲሶቹ የዳያስፖራ ደራስያን ረሃቡን ከማንነት ጋር ያያይዙታል። በክሌር ኮዳ የ2022 ልብ ወለድ ለንደን የምትኖር ወጣት ቫምፓየር የጃፓናዊ አባቷን ምግብ ትመኛለች፤ ሆዷ የሚቀበለው ግን ደም ብቻ ነው። ሞኒካ ኪም በ2024 ባሳተመችው ልብ ወለድ ደግሞ እናትየው ዕድል ያመጣል ብላ የዓሣ ዓይን ትበላለች፤ ልጅቷ ግን የእናቷን ነጭ ወዳጅ ሰማያዊ ዓይኖች ታልማለች።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የባዕድ ምግብ በራሱ አስጸያፊ ሆኖ ከቀረበ ታሪኩ የድሮ ንቀት ማስተላለፊያ ይሆናል። ጥሩዎቹ ደራስያን ጣዕሙን ስለሚወዱት ፍርሃቱን ከምግቡ ሳይሆን ከሚያስገድደው እጅ ያመጡታል።

የአማርኛ ጸሐፊም በዚህ መንገድ ለመጻፍ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሰው በዓይኑ የሚበላው፣ ሌሊት ጅብ የሚሆነው ቡዳ አለለት። ይሁንና በቡዳነት ሲጠረጠሩና ሲገለሉ የኖሩት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ታሪኩን የሚጽፍ ሰው በላተኛ ተብሎ የተፈረጀውን ሰው ገበታ ቀርቦ ሊያየው ይገባል።