ቻርጀር በክብደት አይመረጥም

ቻርጀርን በመዳፍ መዝኖ «ይሄ ከበድ ይላል፣ ኦርጂናል ነው» ማለት ከጋምቤላዋ አቦቦ እስከ አዲስ አበባ እንደ ምርመራ ተቆጥሯል። እምነቱ ከባዶ አልተነሳም። የድሮው ትራንስፎርመር የሶኬቱን 220 ቮልት እንዳለ፣ በሴኮንድ 50 ዑደት ስለሚቀበል ብዙ ብረትና መዳብ ይፈልግ ነበር፤ ከቀለለ በእርግጥም መዳቡ ተሰርቆበታል። የዛሬው የስልክ ቻርጀር ግን በአብዛኛው ፍላይባክ ነው። ኮረንቲውን ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይለውጥና፣ አንድ ትራንዚስተር በሴኮንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየበራና እየጠፋ ጉልበቱን በትንሽ ትራንስፎርመር አጠራቅሞ ወደ ስልኩ ይለቀዋል። በአንድ ዙር የሚያልፈው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ትልቅ እምብርት አያሻም። ቀላልነቱ የአሠራሩ ውጤት ነው።

እንዲያውም ለቆላ የሚስማማው አንዳንዴ ቀላሉ ነው። ተራው ፍላይባክ ትራንዚስተሩን ከፍተኛ ቮልቴጅ እንደተሸከመ ያበራዋል፤ የሚባክነው ጉልበት ሙቀት ይሆናል። በሶፍት ስዊቺንግ የሚሠራው ግን ቮልቴጁ ዝቅ እስኪል ይጠብቃል፤ አክቲቭ ክላምፕ ያለው ደግሞ ከትራንስፎርመሩ የሚያፈተልከውን ጉልበት ከማቃጠል ይልቅ መልሶ ይጠቀምበታል። የሚሞቀው ስለሚያንስም ብዙ ማቀዝቀዣ ብረት አያሻውም። የጋምቤላ አየር ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የቻርጀሩ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ ያጥራል። ታዲያ ተራው ፍላይባክ መጥፎ ነው? አይደለም። ለ5 ዋት በጥንቃቄ የተሠራ ተራ ፍላይባክ ይበቃል፤ ሶፍት ስዊቺንግ ወጪውን የሚክሰው እንደ 65 ዋት ባሉት ላይ ነው።

የሚያስቆጣው፣ ክብደት ስንመዝን ገዳዩን ነገር አለማየታችን ነው። 220 ቮልቱን ከእጃችን የሚለየው የትራንስፎርመሩ ኢንሱሌሽንና በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚገባው ዋይ ካፓሲተር ነው። በእሱ ቦታ ለዚህ ያልተሠራ ርካሽ ካፓሲተር ከገባና ከተበሳ፣ የሶኬቱ ኮረንቲ ስልኩን ለያዘው ሰው ይደርሳል። ይህን መዳፍ አይነግርም፤ ቁራጭ ብረት ከትቶ ማክበድ ደግሞ ለአስመሳይ ቀላል ነው። ይህን እያወቀ ከባዱን «ኦርጂናል» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ በሰው ሕይወት ይነግዳል።

65 ዋት ቻርጀር ስልክ ያቃጥላል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ስልኩ የሚወስደው የሚችለውን ያህል ነው። ቀፎው ላይ በስሱ የሚሰማ መንዘርም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ ጤነኛ ዋይ ካፓሲተርም ጥቂት ኮረንቲ ያሳልፋል። ነገር ግን የሚያስደነግጥ ያህል ከነዘረ፣ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ወይም እጅ እስኪፈጅ ከጋለ፣ ቢከብድም ቢቀልም ጣሉት።