ከ100 ይልቅ 83 የሚያስፈራው ለምንድን ነው?

ይህን የምነግራችሁ በየሱቁ ጮክ ተብሎ ስለማይወራ ነው። ኮምፒውተሩን «አፈጠንኩት» ብሎ የሚመጣ ሰው የሚፈራው ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠልበት ነው። እኛ ጥገና ላይ የምንውለው ግን ቶሎ ብለን የምናየው ዲስኩን ነው።

የፕሮሰሰር ፍጥነት የባሱ (ፕሮሰሰሩን ከቀረው ማሽን ጋር የሚያገናኘው መስመር) ፍጥነት በማባዣው ተባዝቶ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ማባዣው 4.5 ላይ ተቆልፎ፣ ባሱ 66 ሜጋኸርዝ ነበር። ማባዣው አልነካ ሲል ሰው ባሱን ወደ 100 አወጣው፤ 300 የነበረው 450 ሆነ። ዝናው እስካሁን ይወራል። የማይወራው ግን ለምን እንደተሳካ ነው። 440ቢኤክስ ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ባሱ 100 ሲገባ ፍጥነቱን ለ3 አካፍሎ ለፒሲአይ፣ ማለትም ተጨማሪ ካርዶች ለሚሰኩበት መስመር፣ ይሰጣል፤ ፒሲአዩ ከተሠራበት 33 ሜጋኸርዝ ንቅንቅ አይልም። ጣጣው ያለው መሀል ላይ ነው። «ለጥንቃቄ» ብሎ 83 ላይ ያቆመ ሰው አካፋዩ 2 ላይ ከቀረ ፒሲአዩን 41.5 አድርሶታል። የሃርድ ዲስኩ መቆጣጠሪያ ደግሞ የተንጠለጠለው እዚያው ላይ ነው።

አንድ ደንበኛችን እንዲህ ያለ ማሽን አመጣ። ዊንዶውሱ ይነሳል፣ ጌሙ ይሠራል፣ ሙቀቱም ደህና ነው። የሠርግ ፎቶዎቹን ስንከፍት ሙሽራዋ እስከ አንገቷ ጥርት ብላ ትታያለች፤ ከዚያ በታች ግራጫ ብቻ። ቀጣዩም እንደዚያው። ባሱን ወደ ቦታው መለስነው፤ ፎቶዎቹ ግን አልተመለሱም፤ መጀመሪያውኑ ዲስኩ ላይ የተጻፉት ተበላሽተው ነበርና። ያንን ቀን አልረሳውም። የተቃጠለ ፕሮሰሰር በገንዘብ ይተካል።

አዲስ ማሽን ነው ብላችሁም አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው የኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ ጋር የባሱን ቦታ የያዘው አንዱ የ100 ሜጋኸርዝ የሰዓት ምት ፒሲአይ ኤክስፕረሱንም ዲስኩ የሚገናኝበትን ሳታንም አብሮ የሚነዳ ሆነ፤ ከ105 በላይ የሚታገሥ ማሽን ብዙ አልነበረም። ለማፍጠን የፈለገ ማባዣው ያልተቆለፈውን፣ ስሙ በ«ኬ» የሚያልቀውን ፕሮሰሰር መግዛት ነበረበት።

ማባዣው ክፍት ከሆነላችሁ እሱን ንኩ። ባሱን ካልነካሁ ካላችሁ ግን ባዮሱን ከመክፈታችሁ በፊት ፎቶዎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ገልብጣችሁም ዲስኩን ከማሽኑ ንቀሉት።