ሦስተኛው ሲሊንደር

ዓባይ በረሃ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ዳገቱን እንደያዝን መኪናዋ መቆራረጥ ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ ትንሽ ትሄድና ትጎተታለች፣ ደግሞ ትነሣለች፣ ከኋላ ከማርሚታው በኩል «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መንገዱ ሰላም በነበረበት ዓመት ነው፣ ወሩ ጥር። ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ጥር 23 የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ለማየት ወደ እንጅባራ እየሄድኩ ነበር። መኪናዋ አሮጌ የቤንዚን ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አስነቅዬ አልጋ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ቡታጋዝና የዕቃ ሣጥን አስገብቼባታለሁ፤ የምንተኛውም የምንበላውም እሷ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለች መኪና መንገድ ላይ ስትታመም ሹፌሩ የሚጨነቀው ስለ መድረስ ብቻ አይደለም፤ ማታ ልጆቹ የት እንደሚያድሩም ጭምር ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ጋራዥ አራቱንም ካንዴላ ቀየረልን። ቡሬ ላይ ሌላ ሰው የቤንዚን ፊልትሮውን ቀየረ። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ግን መኪናዋ መቼ መቼ እንደምትቆራርጥ አልጠየቁኝም። ገንዘቡ ወጣ፣ መቆራረጡ አብሮን እንጅባራ ገባ።

ሹፌሮች «ይቆራርጣል» የሚሉትን መካኒኮች «ሚስ ያደርጋል» ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ቆሞ በ800 ዙር ሲሠራ እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ ይተኩሳል፤ አራቱ ሲደመሩ 1,600። ከእነዚህ ተኩሶች አንዱ ሲቀር ሞተሩ ይደነቃቀፋል፤ የአንዱ ሲሊንደር ተኩስ በሙሉ ሲቀር ሞተሩ በሦስት እግሩ የሚሄድ አራት እግር ያለው እንስሳ ይሆናል። እያንዳንዱ ተኩስ በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ነው። አንደኛው በልኩ የተቀላቀለ አየርና ቤንዚን ነው፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር። ሁለተኛው ድብልቁን ጨምቆ የሚይዝ እመቃ ነው፣ ሦስተኛው በሰዓቱ የሚመጣ ብልጭታ። አንዱ ጉልቻ ሲጎድል ድስቱ ይደፋል።

ዕቃ ቀያሪው መካኒክ የሚስተው ከዚህ ላይ ይመስለኛል። ጉልቻዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሲሊንደሮቹም አራት። የትኛው ሲሊንደር እንደታመመና የትኛው ጉልቻ እንደጎደለ ሳያውቅ የሚቀየር ዕቃ ሁሉ ዕጣ መጣል ነው።

በማግስቱ ጠዋት እንጅባራ ብርድ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥር ሌሊቱ ይቆነጥጣል፣ ጠዋት ሣሩም የመኪናው ቆርቆሮም በጤዛ ይርሳል። ሞተሩን ሳስነሣ ከቀድሞው ባሰ፤ ቆሞ እያለ ጋቢናው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሰዎች ከዋናው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ መካኒክ መሩን። ሽበት የጀመራቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የመፍቻ ሣጥናቸውን አልነኩም። አጠገባቸው የቆመውን ረዳት ልጅ ቦኔቱን እንዲከፍት አዘዙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድም ዓለም፣ መቼ መቼ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«ዳገት ላይ ነበር ጋሼ። ዛሬ ጠዋት ግን ቆማም እያለች።»

«ስትሞቅስ?»

«ይሻላታል።»

«ሌሊት ጤዛ ነበር?»

«ቦኔቱ ሁሉ ርሶ ነበር።»

«በል እንጠይቃት» አሉና ደረቅ ጨርቅ ጠምጥመው የመጀመሪያውን የካንዴላ ገመድ ነቀሉ። ሞተሩ ወዲያው ተደነቃቀፈ፤ መለሱት። ሁለተኛውን ነቀሉ፤ እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲነቅሉ ግን ምንም አልተለወጠም። ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ድምፅ። ያልሠራ ሲሊንደር ቢነቀልም አይጎድልም። አራተኛውንም ነክተው ሞተሩ መልስ ሲሰጥ «ሦስተኛዋ ናት» አሉ። ሁለት ቀን ያንገላታን ጥያቄ እኩሌታው ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ይገባኛል። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው መብራት ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። ቦቢናው ከባትሪው 12 ቮልት ተቀብሎ ወደዚያ ከፍ የሚያደርገው በካንዴላው ጫፍ መካከል ያለውን ክፍተት እንዲዘል ነው። እጅ ላይ ካረፈ ክፉኛ ይመታል። በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ ገመድ እየነቀሉ መፈተን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን ሊያቃጥል ስለሚችል የኢንጀክተሩን ሶኬት መንቀል ይሻላል። ናፍጣ የሚጠጡት አውቶቡሶችና አይሱዙዎች ካንዴላ የላቸውም፤ ለእነሱ መካኒኩ የእያንዳንዱን ኖዝል ቧንቧ ብሎን በየተራ ያላላና ሞተሩ ሲደነቃቀፍ ያዳምጣል። መንገዱ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን ነው የማይሠራው?

በነገራችን ላይ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ቦቢና ጥቅል ነው፣ ቴስታታም ራስ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ጋራዦቻችን እስከ ዛሬ ግማሽ ቋንቋቸው ጣሊያንኛ ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ የሚለኝ ቃላቱን ያመጣቸው ወራሪ ሄዶ የእጅ ሙያው እዚህ ልጆች እጅ መቅረቱ ነው።

ቀጥሎ መካኒኩ አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው በተራ ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ማርቆስ ላይ የገቡት አዲሶቹ ናቸው። የሦስቱ ጫፍ ወተት የበዛበት ቡና መስሏል፤ ጤነኛ ቀለም ነው። ሦስተኛው ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ ቤንዚን ይሸታል። ካንዴላ የሲሊንደሩ ምስክር ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ዘይት ከቀባው ፋሻው ወይም የባልቦላው ጎሚኒ ዘይት ያሳልፋል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሲሊንደሩ ከልክ በላይ ሞቋል። በቤንዚን ከራሰ ደግሞ ነዳጁ መጥቶ ሳይቃጠል ቀርቷል። ስለዚህ ቡሬ ላይ የተቀየረው ፊልትሮ ከመጀመሪያውም ጥፋተኛ አልነበረም። የነዳጅ እጥረት ቢሆን አራቱም አብረው ይደክሙ ነበር፤ ድካሙም ቀስ እያለ የሚመጣ እንጂ እንደ ጅራፍ የሚጮህ አይሆንም።

ይህን ስል ነዳጁን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ማደያ ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ውሃ ወይም ላምባ ሊኖርበት ይችላል። ጥርጣሬ ካለ በሚያሳይ ጠርሙስ ትንሽ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው፤ ውሃ ካለ ከታች ዘቅጦ ይለያል። የብርጭቆ ያህል ውሃ ሳልባታዮው ግርጌ ካለ ዳገትና ቁልቁለት በተለዋወጡ ቁጥር ይንቀሳቀስና መኪናው አንዴ ሲድን አንዴ ሲታመም ይከርማል።

መካኒኩ የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አለዋወጡ። ሞተሩ ሲነሣ በሽታው አልተከተለውም፤ የሞተው አሁንም ሦስተኛው ነው። ገመዶቹን አለዋወጡ፤ ያው። የተጠረጠረን ዕቃ ቦታ እየለወጡ በሽታው አብሮት መሄዱን ማየት ምንም አያስወጣም። ለመንገደኛ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

የቀረው እመቃ ነው። መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው ሞተሪኖውን አስመቱኝ። አራቱም 9 ባር አካባቢ አሳዩ። ጎንበስ ብዬ ሳነብ ደነገጥኩ፤ የመኪናዋ መጽሐፍ 12 ያህል ይላል። ሞተሩ አልቋል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እርሳቸው ፈገግ አሉ። «መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው» አሉኝ።

ይህ ነጥብ ለደገኛ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። በእንጅባራ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ከመነሻው ስስ ስለሆነ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ባሕር ዳርቻ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ቢያሳይ ትክክል ነው። መታየት ያለበት በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 5 ቢሆን ባልቦላ ተቃጥሏል፣ ፋሻ ተሰብሯል ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን በልቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቴስታታ መክፈት የግድ ነው። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር በከንቱ ይከፈታል።

ስሱ አየር ካርቡራተርንም ያታልላል። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ከበለስ ቆላ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል እንጅባራ የሚወጣ መኪና ጭስ ሲያበዛና ሲደክም የሚታየው ስለዚህ ነው። አዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡራተር ግን እንጅባራ ላይ ብዙ አይቸገርም፤ የሁለቱ ከፍታ ይቀራረባል።

አሁን የቀረው አንድ ቦታ ነበር፤ ብልጭታውን በየተራው ለአራቱ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር። ክዳኑን ፈትተው ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። ውስጡን በጨርቅ ጠረጉና «ና እይ» አሉኝ። ከሦስተኛው የነሐስ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ክዳኑ ጠርዝ የሚወርድ በእርሳስ የተጫረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ከፀጉር አይወፍርም። ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ መብራቱ በስንጥቁ ሲሾልክ መንገዱን አክስሎታል፤ ከሰል ደግሞ መብራት ያሳልፋል። ብልጭታው ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በዚያች መስመር ወርዶ ሞተሩ አካል ላይ ይጠፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመንገዱ ታሪክ በሙሉ ተገለጠልኝ። ለምን ዓባይ ላይ ጀመረ? የድልድዩ ከፍታ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ በጉዟችን ሁሉ አየሩ የወፈረበት ቦታ እርሱ ነው። ነዳጅ አጥብቄ ስረግጥ ሲሊንደሩ በወፍራም አየር ይሞላል፣ በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል ብልጭታው ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፣ ቮልቱ ከፍ ሲል ደግሞ መብራቱ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ስንጥቁን። ደጋው ሜዳ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው ስስ አየር ስለሆነ ተሻላት። እንጅባራ ላይ ጤዛው ስንጥቁን አረጠበውና ቆማም እያለች ታመመች፤ ሞቃ ስትደርቅ ዳነች። መካኒኩ ስለ ጤዛው ሲጠይቁኝ ግማሹን ነገር አስቀድመው ጠርጥረውት ነበር።

አዲስ መኪና ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ይናገር ነበር። በዳሽቦርዱ ሶኬት የሚገባ ማንበቢያ «ፒ 0303» ካለ ሦስተኛው ሲሊንደር ስቷል ማለት ነው፤ «ፒ 0300» ካለ ደግሞ መሳቱ በአንዱ ብቻ አልተወሰነም። ኮዱ ግን የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ቦቢናውን ከሦስተኛው ወደ አንደኛው አዛውሮ ኮዱ ወደ «ፒ 0301» መለወጡን ማየት አሁንም የሰው ሥራ ነው። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መቆም ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ጭስ ማጣሪያውን አግሎ ያቀልጠዋል። በአሮጌዎቹም ቢሆን ያው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይቱን እያጠበ ወደ ታች ይወርዳልና «ይደርሳል» ብሎ መቶ ኪሎ ሜትር መንዳት ሞተር ማስበላት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ያሉንን ሞተሮች በሕይወት የማቆየት ነገር የበለጠ ያሳስበኛል።

ለዚህች መኪና የሚሆን ክዳን ያን ቀን እንጅባራ አልተገኘም፤ ባሕር ዳር መፈለግ ነበረበት። መካኒኩ በቢላ ጫፍ ጥቁሩን መስመር እስኪነጣ ድረስ ፋቁት፣ በቤንዚን አጥበው ፀሐይ ላይ አደረቁት። ከዚያ ባለቤቴን «እመቤት፣ የጥፍር ቀለም ይዘሻል?» አሏት። ቀዩን ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። በዚያች ትንሽ ብሩሽ ስንጥቁን ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ ረዳቱ ልጅ እስኪደርቅ እፍ ይልበታል። ቀለሙ መብራት ስለማያሳልፍ እስከ ባሕር ዳር ያደርሰኛል አሉ። ሞተሩ ሲነሣ የውሃ ብርጭቆ ቴስታታው ላይ አስቀመጡ፤ ውሃው ብዙም አልተነቃነቀም።

በዓሉን አይተን በማግስቱ ማታ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አደርን። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጋሼ ያስተማሩኝን የመጨረሻ ፈተና ለመሞከር ወጣሁ። መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ፣ ሞተሩን አስነሥቼ፣ ቦኔቱን ከፍቼ በገመዶቹና በክዳኑ ላይ ውሃ እንደ ጉም አድርጌ ረጨሁ። የሚያሾልክ ቦታ ካለ በጨለማ ሰማያዊ ክር መስሎ ሲሳብ ይታያል። ጎንበስ ብዬ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅሁ። ሞተሩ በአራቱም እኩል ይመታል። ከገመድ ወደ ገመድ፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ ተከተልኩ፤ የትም ብልጭታ አልነበረም።