ዘፈኑን የሠራው ማነው? የዋልያስና የአይቤክስ ባንዶች ነገር

ደባርቅ ላይ ለሚያድግ ልጅ ዋልያ ማለት የገደል እንስሳ ነው። የባንድ ስም መሆኑን የሚሰማው ቆይቶ ነው። እኔ የሰማሁት ከዳባት ወደ ጎንደር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ሾፌሩ ካሴት ከተተ፤ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ተቀባበሉ። ዘፋኙ መቼ ይሆን የሚገባው እያልኩ ስጠብቅ ሙዚቃው አለቀ። ለካ ዘፋኝ የለውም!

በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ሁለት ሞክሼዎች ነበሩት። ዋልያስ ባንድ በሒልተን፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። አይቤክስም ቢሆን ፈረንጆች ዋልያንና ዘመዶቹን የሚጠሩበት ስም ነው። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኗል። የእነዚህን ባንዶች ሥራ ባዳመጥኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። አንድ ዘፈን ተቀርጾ እስኪያልቅ ድረስ ማን ምን ያደርጋል? ባለቤቱስ ማነው?

አብዛኞቻችን ግጥም፣ ዜማ፣ ድምፃዊ ብለን እናቆማለን። በካሴት ሽፋን ላይ በደቃቅ ፊደል የምትጻፈዋን "ቅንብር" ልብ የሚላት ጥቂት ሰው ነው። ሥራው ግን ያለው እዚያ ነው። ድምፃዊው ዜማውን ያንጎራጉራል። ኪቦርዲስቱ ድምፁ ከፍ ሲል እንዳይሰነጠቅ፣ ዝቅ ሲል እንዳይጠፋ የሚመቸውን ቁልፍ ይፈልግለታል። ቤዝ ጊታሩ የሚመላለስ ሐረግ ያወጣል፤ ነፊዎቹ መግቢያውን ይፈጥራሉ፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ማን እንደሚመልስለት ይነጋገራሉ። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ በወረቀት አይሰፍርም። ከዚያ ማታ ማታ ክለብ ውስጥ ይሞከራል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር የገባው ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። ከዚህ የበለጠ ልምምድ ከየት ይመጣል?

ስቱዲዮ ስል መስታወትና ስፖንጅ ያለበት ክፍል እንዳይመስላችሁ። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1976 በመሣሪያ ብቻ የተጫወተውን ሙዚቃ የቀረጸው በራስ ሆቴል አዳራሽ ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር "ወደ ሐረር ጉዞ"ን እ.ኤ.አ. በ1978 የቀረጹት በግዮን ሆቴል ክለብ፣ ቀን ቀን፣ በሦስት ቀን ውስጥ ነው። (የስሜን ተራሮች ፓርክ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በዚያው ዓመት ነበር።) ሁሉም በአንድ ክፍል ባንድ ጊዜ ሲጫወት፣ አንዱ መጨረሻ ላይ ከሳተ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ሳክስፎኑ ከጎላ የሚዞር ቁልፍ የለም፤ ነፊው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ጋር ለካይፋ ሪከርድስ የሠራውን "እረ መላ መላ" ስሙት። ድምፁን ብቻ ነጥላችሁ ለማውጣት ብትሞክሩ፣ አብሮ የሚመጣው ብዙ ነው።

ሮክ ሲጨመርበት ደግሞ ችግሩ ይለያል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት "ኤርታሌ" የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ ብዙ ሰው ያወራው ስለ ጊታሩ ጩኸት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ጩኸቱ ሳይሆን ቅኝቱ ነው። የሮክ ጊታር የሚያገሣው ሁለት ድምፆችን አጣምሮ ነው፤ ከዶ ከጀመርን ዶና ሶልን። ፓወር ኮርድ ይሉታል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ጣጣ የለውም፤ ሁለቱም ድምፆች ቤት ውስጥ አሉ። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ዝቅ ያለች ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለች ሶል፣ ላ ነው። መደበኛዋ ሶል የለችም። ጊታሪስቱ እንደለመደው ሲመታ፣ ድምፃዊው ዝቅ ያለችውን ሶል ከያዘ ሁለቱ ይጋጫሉ። ድምፁ በዲስቶርሽን ሲሻክር ደግሞ ግጭቱ ይብሳል። ታዲያ መላው ምንድነው? አንዱ፣ ኮርዱን ትቶ ከዜማው ጋር እኩል መሄድ ነው። ሌላው፣ ከቅኝቱ ሳይወጡ ኮርዱን ወደ ፋ ማዛወር ነው፤ የፋ ጓደኛ ዶ ናት፣ እሷ ደግሞ አለች። እንዲህ ያለው መፍትሔ የሚገኘው ደጋግሞ በመሞከር ነው። ያገኘው ሰው ግን በሽፋኑ ላይ "ጊታር" ተብሎ ብቻ ይጻፋል።

ምቱም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ሰርግ ላይ አዝማሪው መሰንቆውን ሲገዘግዝ ከበሮው የሚይዘው በስድስት የሚቆጠር ምት፣ ችክችካ የምንለው፣ ለሁለትም ለሦስትም ይከፈላል። ሮክ በአራት መቁጠር ይወዳል። ድራመሩ ከበሮውን በእግሩ ባስ ድራም፣ ጭብጨባውን በሳህኑ ካልመለሰው እስክስታ ወራጁ ትከሻ ግራ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ብቻውን የሠራም አለ። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረበ አንድ ካሴት አወጣ። እዚያ ላይ ባለቤቱ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአንድ ክፍል ስምንት ሆነው የሠሩት ላይ ነው ጥያቄው የሚከብደው። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው አልበም የዋልያስን "ሙዚቃዊ ስልት" ሲጫወት መነሻው አንድ የተጻፈ ዜማ ብቻ ነበር ለማለት ይቸግረኛል። ያ ሙዚቃ እኮ ራሱ የባንዱ አጨዋወት ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅንብርን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች ይቆጥረዋል፤ ለተጫዋቾችም የራሳቸውን መብት ይሰጣል። ሕጉ አለ ማለት ነው። የሚጎድለው ማን ምን እንዳዋጣ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ከደባርቅም ሆነ ከዳባት ተነስተው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ለመቅረጽ የሚሄዱ ልጆች ቢሰሙኝ፣ የቀረጻው ዕለት ማታ መግቢያውን ማን እንዳመጣው፣ የቤዙን ሐረግ ማን እንዳወጣው፣ ምቱን ማን እንደለወጠው በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ቀን አስፍረው፣ ሁሉም ይፈርሙበት። ኮፒውን ደግሞ እያንዳንዱ ይያዝ።