ቤት የሚለው ቃል ስለ ያዘው ብዙ ትርጓሜ

በእንግሊዞች ቋንቋ ትንሽ ሆነው ብዙ ትርጓሜ ከተሸከሙት ቃላት አንዱ «ሐውስ» የሚሉት ነው። ፍችው ቤት ማለት ነው። ነገር ግን የመኳንንቱንም የሕዝብ እንደራሴዎችንም ምክር ቤት ሐውስ ይሉታል፤ ንጉሣቸው አምስተኛው ጊዮርጊስ በ1909 ዓመተ ምሕረት ለዘራቸው ዊንድዘር የሚል ስም ባወጡለት ጊዜም፥ ዘሩ በሙሉ የዊንድዘር ሐውስ ተባለ። በቲያትርም ተመልካቹ የሞላ እንደ ሆነ ሐውሱ ሞላ ይላሉ። ይህነን ሰምቶ የሚደነቅ ሰው ቢኖር፥ የገዛ አገሩን ቤት ገና አልመረመረም እንላለን።

አስቀድመን የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሚቸገርበትን እንናገር። በደቡብ ጎንደር፥ በደራ ወረዳ፥ ካንበሳሜ ገጠር አንድ ባላገር መጥቶ «እገሌ ቤቴን አፈረሰብኝ» ብሎ ቢያመለክት፥ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሊጠይቀው ይገባል። የፈረሰው ግድግዳውና ጣራው ነውን? ወይስ ተከሳሹ ሚስቱን አስኮብልሎበት ትዳሩ ነው የፈረሰው? ቃሉ አንድ ሲሆን ዳኝነቱ ሁለት ነው። የፊተኛው በካሳ ያልቃል፤ የኋለኛው ግን የሽማግሌ ብዛት እንኳ የማይበቃው ነገር ነው።

በዚያው አገር አዲስ ቤት ተሠርቶ እንግዳ ሲገባ «ቤት ለእምቦሳ» ይላል፤ የቤቱም ሰዎች «እምቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሱለታል። ጉማራና ርብ በሚያጠጡት ሜዳ፥ የፎገራ ላም በወተቷ በታወቀችበት ምድር፥ ይህ ምርቃት እንዲያው የአፍ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ጥጃ የማይታሰርበት ቤት ባዶ መስሎ ይታያቸዋልና። ከብትና ቤት በፊደልም ጎረቤቶች ናቸው። በጥንቱ የሴም ነገዶች ፊደል የመጀመሪያው ስም በሬ፥ የሁለተኛው ስም ቤት ማለት ነበረ። ግሪኮች ይህነን ተቀብለው አልፋ፥ ቤታ አሉት፤ እንግሊዞችም ፊደላቸውን «አልፋቤት» ብለው ሲጠሩ፥ ሳያውቁት በሬንና ቤትን ይጠራሉ። የእኛም «በ» በግእዝ ስሟ ቤት ነው።

ቤት ከሁሉ ይልቅ የበዛው ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ተማሪ ያባቱን ቤት ትቶ ወደ ንባብ ቤት፥ ወደ ዜማ ቤት፥ ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቢወጣ፥ ደብሩ ራሱ ቤተ ልሔም ይባላል፤ ይኸውም ቤተ ኅብስት ማለት ነው። (ቁራሽ ለምኖ ለሚማር ልጅ እንዴት ያለ ስም ነው!) ቅኔ ተምሮ ሲመለስ ዋሸራ ቤት ነህ ወይስ ጎንጅ ቤት ብለው ይጠይቁታል፤ መጽሐፍ ቢተረጉም ላይ ቤት ወይም ታች ቤት ይሉታል። ግሡን ሲያወርድ ቀተለ ቤት፥ ቀደሰ ቤት ይላል። ጉባኤ ቃና ቢቆጥር ሁለት ቤት፥ መወድስ ቢቆጥር ስምንት ቤት ነው። የሚያድርበት ጎጆ ዝናብ እያስገባ፥ በቃል ግን የዚህን ያህል ቤት ያለው ባለጸጋ ከወዴት ይገኛል?

ቁልፍ የሚገባበትን የልብስ ቀዳዳ ቤት ማለታችንን፥ በሒሳብም ያንድ ቤት፥ ያሥር ቤት፥ የመቶ ቤት ማለታችንን አንባቢ ያውቀዋል። ወጥ የምትሠራውንም ሴት እርሷኑ ወጥ ቤት እንላታለን። በዕድሜም አርባ ቤት ገባ ይባላል፤ እኛም ከገባን ቈይተናል።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ፤ እርሱም «ባለቤት» ነው። የገንዘብ ጌታ ባለቤት ነው። ባል ሚስቱን ባለቤቴ ይላታል፥ ሚስትም ባሏን ባለቤቴ ትለዋለች። በሰዋስውም ሥራውን የሚሠራው ስም ባለቤት ይባላል። እመቤት የሚለውም ከግእዝ የመጣ ሲሆን፥ የቤት እናት ማለት ነው። እንግዲህ በቋንቋው በኩል ሴቲቱ ከጥንት ጀምሮ የቤቷ ጌታ ነበረች።

በወረቀቱ በኩል ግን እንዲህ አልነበረም። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ፥ ሚስትም በሕግ በተፈቀደው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። ብዙ ጊዜም የባል ስም ተጽፎ፥ ሚስት «ከነቤተ ሰቡ» በሚለው ቃል ውስጥ ተጠቅልላ ትቀር ነበር። ይህ አለቅነት በ1992 ዓመተ ምሕረት በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ተሻረ፤ ያማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። ከዚያም በ1998 በወጣው በቁጥር 133 የገጠር መሬት አዋጅ፥ መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ የሆነ እንደ ሆነ፥ የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ታዘዘ።

ስለዚህ ያንበሳሜ ገበሬ በመሬት ጽሕፈት ቤት ቆሞ «ከባለቤቴ ጋራ የያዝነው ነው» ያለ እንደ ሆነ፥ ጸሐፊው «ባለቤትህ ስሟ ማን ነው? ያባቷስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የነገረውንም ከባሏ ስም ጋራ ይጽፋል።